የጦማር ወጪ ከግብር የሚቀነሰው መቼ ነው? ከጅማ የተጻፈ የግል ተሞክሮ

ስለ ጅማና አካባቢዋ ቡና፣ ስለ ከተማዋ ታሪክና ስለ ባህላዊ ዕደ ጥበቧ የሚያወሳ ጦማር ማዘጋጀት ከጀመርሁ ጀምሮ፣ እንደ እኔ ከመደበኛ ሥራቸው ጎን ለጎን የሚጽፉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሡልኝ ጥያቄ አንድ ነው። ለኢንተርኔት፣ ለኮምፒውተር፣ ለካሜራና ለጉዞ የሚያወጡት ገንዘብ ከሚከፍሉት ግብር ላይ ይቀነስላቸው እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ። ብዙዎቹ መልሱን የሚፈልጉት በእንግሊዝኛ በተጻፉ ምክሮች ውስጥ ነው፤ እነዚያ ምክሮች ደግሞ በአብዛኛው የአሜሪካን ሕግ የሚያብራሩ ስለሆኑ፣ አንባቢው ጅማ ተቀምጦ የሌላ አገር ሕግ ሲያጠና ይከርማል። እኔ በራሴ ሥራ ላይ ያየሁትንና የተማርሁትን በዝርዝር ማስፈር የፈለግሁት ለዚህ ነው።

የአሜሪካው ክርክር ከምን እንደሚነሣ መረዳት የእኛን ሕግ ለመረዳት ስለሚያግዝ፣ በአጭሩ ላንሣው። በዚያ አገር አንድ ግለሰብ ደመወዙንም የግል ንግዱንም ትርፍ በአንድ ዓመታዊ የግብር ማስታወቂያ ላይ ደምሮ ለግብር ሰብሳቢው ያቀርባል። ስለዚህ ጦማሩ ከሠራው ይልቅ ያወጣው ከበለጠ፣ ኪሳራው ከደመወዙ ላይ ተቀንሶ የሚከፍለውን ግብር ሊያሳንስለት ይችላል። ይህ ዕድል ሰዎች የመዝናኛ ወጪያቸውን ሁሉ «ንግድ» እያሉ እንዲያቀርቡ የሚገፋፋ በመሆኑ፣ ሕጉ በትርፍ ጊዜ ለደስታ የሚሠራውን ሥራ ትርፍ ለማግኘት ከሚሠራው ይለያል። በአምስት ዓመት ውስጥ ቢያንስ በሦስቱ ያተረፈ ሥራ ለትርፍ የተቋቋመ እንደሆነ ይገመታል፤ ይህን ያላሟላውም ቢሆን መዝገብ አያያዙ፣ የሚያጠፋው ጊዜ፣ ያለው ዕውቀትና የመሳሰሉት ተመዝነው ይወሰንለታል። ለደስታ ብቻ የሚሠራ ሥራ ነው ከተባለ ግን፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ገቢው ግብር ይከፈልበታል፣ ወጪው ግን አይቀነስም።

በእኛ አገር ጥያቄው ከሌላ በር ነው የሚጀምረው። የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ገቢን በሠንጠረዥ ይከፋፍላል፦ ሠንጠረዥ «ሀ» ለመቀጠር ገቢ፣ ሠንጠረዥ «ለ» ለቤት ኪራይ፣ ሠንጠረዥ «ሐ» ለንግድ ሥራ ገቢ፣ ሠንጠረዥ «መ» ለሌሎች ገቢዎች፣ ሠንጠረዥ «ሠ» ደግሞ ከግብር ነጻ ለሆኑ ገቢዎች። የእያንዳንዱ ሠንጠረዥ ግብር ለየብቻው ይሰላል። እኔ በአንድ የግል ትምህርት ቤት መምህርት ስለሆንሁ፣ የደመወዜን ግብር አሠሪዬ በየወሩ ቀንሶ ገቢ ያደርጋል፤ ለጦማሩ ያወጣሁት ገንዘብ ምንም ያህል ቢበዛ ከዚያ ደመወዝ ግብር ላይ አንድም ሳንቲም አይቀነስልኝም። በሁለቱ ሠንጠረዦች መካከል ግድግዳ አለ። አሜሪካኖቹ በትርፍ ጊዜ ሥራና በንግድ ሥራ መካከል ያለውን ድንበር በብርቱ የሚከራከሩበት ምክንያት፣ ማለትም ኪሳራን ወደ ደመወዝ ማሻገር፣ እኛ ጋ ከመነሻው ተዘግቷል።

ይህ ማለት ግን ልዩነቱ እኛን አይመለከተንም ማለት አይደለም። አዋጁ የንግድ ሥራ የሚለው ለትርፍ የሚከናወንን የኢንዱስትሪ፣ የንግድ፣ የሙያ ወይም የቮኬሽናል ሥራ ሲሆን፣ በቀጣይነትም ሆነ ለአጭር ጊዜ ቢሠራ ለውጥ የለውም። አንድ ሰው የእንግዳ ማረፊያ ማስታወቂያ በጦማሩ ላይ እያወጣ፣ ለድርጅቶችም በክፍያ እየጻፈ ገንዘብ የሚቀበል ከሆነ፣ «እኔ የምጽፈው ለፍቅሩ ነው» ማለቱ ከንግድ ሥራ ግብር አያወጣውም። በየትኛውም ሠንጠረዥ ተለይቶ ያልተጠቀሰ ገቢ ደግሞ በሠንጠረዥ «መ» ሥር «ሌሎች ገቢዎች» ተብሎ 15 በመቶ ይከፈልበት ነበር፤ ይህም የሚሰላው ወጪ ሳይቀነስ ከጠቅላላው ገቢ ላይ ነው። ስለሆነም ሥራውን ዝቅ አድርጎ ማቅረብ ግብርን ያቀላል የሚለው ግምት ብዙ ጊዜ የሚያስከትለው ተቃራኒውን ነው።

የእኔ ጉዳይ የተጀመረው በምዝገባ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ከጦማሩ የማገኘው ገንዘብ አልነበረም፤ ለኢንተርኔትና ወደ አጋሮና ወደ ሊሙ ለሚደረግ ጉዞ የምከፍለው ከደመወዜ ነበር፤ ይህንም እንደ ግል ወጪ ከመቁጠር በቀር የሚደረግበት ነገር የለም። ሁኔታው የተለወጠው አንድ ድርጅት ስለ ቡና አዘገጃጀት ተከታታይ ጽሑፎች እንዳዘጋጅለት ሲጠይቀኝ ነው። የሒሳብ ክፍሉ ሠራተኛ ውሉን ከመፈረማችን በፊት የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር እንዳለኝ ጠየቀችኝ፤ ምክንያቱንም በትዕግሥት አስረዳችኝ። በወቅቱ በሥራ ላይ በነበረው ድንጋጌ መሠረት ድርጅቶች ከ3,000 ብር በላይ ለሆነ የአገልግሎት ግዢ ሲከፍሉ 2 በመቶ ቀንሰው ለግብር ሰብሳቢው ያስገባሉ፤ ተከፋዩ የመለያ ቁጥር ከሌለው ግን የሚቀነሰው 30 በመቶ ነው። ባለ መለያ ቁጥሩ የተቀነሰበትን 2 በመቶ በዓመቱ መጨረሻ ከሚከፍለው ግብር ላይ ያቻችለዋል፤ ለዚህም ከፋዩ የሚሰጠውን ደረሰኝ ጠብቆ መያዝ አለበት። ይህን ደረሰኝ ሳይቀበሉ የሚሄዱ ጸሐፊዎችና ፎቶ አንሺዎች ብዙ ናቸው፤ ተቀበሉ እላቸዋለሁ፣ የከፈላችሁት ግብር ማስረጃ እርሱ ብቻ ነውና።

ጅማ ውስጥ የት ነው የምመዘገበው የሚለውም የሚያሳስት ጥያቄ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት በክልሉ ውስጥ በግላቸው የሚነግዱ ሰዎች ግብር የክልሉ ነው። ስለዚህ እንደ ግለሰብ ስመዘገብ የሄድሁት በኦሮሚያ ገቢዎች ቢሮ ሥር ወዳለው የከተማው ጽሕፈት ቤት ነው። በአንቀጽ 98 የኩባንያዎች ትርፍ ግብር የፌዴራሉና የክልሉ የጋራ ስለሆነ፣ ኋላ ድርጅት ስናቋቁም የምንሄድበት መስኮት ሌላ ሆነ። አሻራ ሰጥቼ፣ መለያ ቁጥሬን አግኝቼ፣ ንግድ ፈቃዴን ካወጣሁ በኋላ፣ የሰበሰብሁትን ደረሰኝ በሙሉ ይዤ ጡረታ ከወጡ በኋላ ለነጋዴዎች መዝገብ ወደሚይዙ አንድ የሰፈራችን አባት ዘንድ ሄድሁ።

ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ካገላበጡ በኋላ፣ «ልጄ፣ አሁን ባለሽበት ደረጃ ይህ ሁሉ ወረቀት ግብርሽን አይቀንስልሽም» አሉኝ።

«ታዲያ ጋሼ፣ ለምን ልያዘው?» ስላቸው፣ «አትጣዪው፣ የሚያስፈልግሽ ጊዜ ይመጣል» ብለው ነገሩን ከሥሩ አብራሩልኝ።

በዚያን ጊዜ ግብር ከፋዮች በሦስት ደረጃ ተከፍለው ነበር። ዓመታዊ ጠቅላላ ገቢው 1,000,000 ብርና ከዚያ በላይ የሆነ ደረጃ «ሀ»፣ ከ500,000 እስከ 1,000,000 ብር የሆነ ደረጃ «ለ»፣ ከ500,000 ብር በታች የሆነ ደረጃ «ሐ» ይባላል። የደረጃ «ሐ» ግብር በጠቅላላ ሽያጩ ላይ ተመሥርቶ በቁርጥ የሚወሰን ነው። ከሽያጭ ላይ በሚወሰን ግብር ውስጥ የእኔ የኢንተርኔት ሒሳብ ወይም የካሜራ ዋጋ የሚገባበት ቦታ የለም፤ ብዙ ያወጣውም ጥቂት ያወጣውም ሽያጫቸው እኩል ከሆነ የሚከፍሉት እኩል ነው። ብዙ ጀማሪ ጦማሪዎች የሚገኙት በዚህ ደረጃ ስለሆነ፣ «ወጪዬ ይቀነስልኛል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ እውነተኛው መልስ ለአብዛኞቹ «አሁን አይቀነስም» የሚል ነው። ይህን አስቀድሞ ማወቅ፣ ግብር ይቀነስልኛል በሚል ተስፋ የማያስፈልግ ዕቃ ከመግዛት ያድናል።

ወጪ የሚቀነስበትን ሥርዓት በተግባር ያየሁት በ2014 ዓ.ም. ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ሆነን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ካቋቋምን በኋላ ነው። አንዱ ፎቶ አንሺ፣ ሌላዋ በአፋን ኦሮሞ የምትጽፍ ስትሆን፣ ጦማሩን መሠረት አድርገን ለሆቴሎች፣ ለቡና ላኪዎችና ለዕደ ጥበብ ባለሙያዎች ጽሑፍና ፎቶግራፍ ማዘጋጀት ጀምረን ነበር። በንግድ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ማኅበር የሚጠየቀው ዝቅተኛ ካፒታል 15,000 ብር ነው። ማኅበር ደግሞ ገቢው ምንም ያህል አነስተኛ ቢሆን በሕግ የሰውነት መብት ያለው ድርጅት በመሆኑ በቀጥታ ደረጃ «ሀ» ውስጥ ይገባል። የሒሳብ መዝገብ መያዝ ግዴታው ነው፤ ግብሩም ከሽያጩ ሳይሆን ከተጣራ ትርፉ ላይ 30 በመቶ ነው። ያ «አትጣዪው» የተባልሁት ወረቀት ዋጋ ያገኘው እዚህ ላይ ነው።

ሕጉ የሚፈቅደው የንግዱን ገቢ ለማግኘትና ሥራውን ለማስቀጠል በግብር ዓመቱ ውስጥ የወጣውን አስፈላጊ ወጪ ነው። አነጋገሩ ሰፊ ቢመስልም፣ በተግባር እያንዳንዱ ወጪ በሁለት ጥያቄዎች ይመረመራል፤ ለሥራው አስፈላጊ ነበር ወይ፣ ማስረጃውስ በማን ስም ነው? የሚያስቸግረው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው። የኢንተርኔት መስመራችን የተመዘገበው በቤት አከራያችን ስም ነበር፤ በየወሩ የምንከፍለው እኛ ብንሆንም ደረሰኙ የሚወጣው በእርሳቸው ስም ስለሆነ የማኅበሩ ወጪ ተብሎ ሊቀርብ አይችልም። በማኅበሩ ስም አዲስ መስመር እስክናስገባ ድረስ ያንን ወጪ በመዝገባችን አላስገባንም። የጦማሩ አድራሻና ማስቀመጫ ዓመታዊ ክፍያም እንዲሁ ነበር። ክፍያው በዶላር ስለሆነ በውጭ አገር የሚኖር የባልደረባችን ወንድም በካርዱ ይከፍልልን ነበር፤ የክፍያው ሰነድ የሚመጣው ግን በእርሱ ስም ነው። ማድረግ የቻልነው የደንበኝነት ሒሳቡን በማኅበሩ ስምና አድራሻ አስመዝግበን፣ ሰነዱ በዚያው ስም እንዲወጣ ማድረግ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር በግብር ዓመቱ መጀመሪያ ማስተካከል ቀላል ነው፤ ዓመቱ የሚያበቃበት ሰኔ ላይ ሲደረስ ግን ያለፈውን ወር ደረሰኝ በሌላ ስም የሚያወጣ አይገኝም።

ኮምፒውተርና ካሜራ በተገዙበት ዓመት ሙሉ ዋጋቸው እንደ ወጪ አይቀነስም። ለዓመታት የሚያገለግሉ ንብረቶች ስለሆኑ የእርጅና ቅናሽ ይሰላላቸዋል። በደንብ ቁጥር 410/2009 መሠረት ለኮምፒውተርና ለሶፍትዌር በቀጥተኛ የእርጅና ቅናሽ ዘዴ በዓመት 20 በመቶ፣ ካሜራን ለመሳሰሉ ሌሎች ዕቃዎች 15 በመቶ ነው። ለምሳሌ አንድ ኮምፒውተር በ60,000 ብር ተገዝቶ ቢሆን የሙሉ ዓመት ቅናሹ 12,000 ብር ይሆናል። ያው ኮምፒውተር ሩብ ያህሉን ጊዜ ለቤተሰብ ጉዳይ የሚውል ከሆነ ግን ሊቀነስ የሚችለው ለሥራ የዋለው ድርሻ፣ ማለትም 9,000 ብር ብቻ ነው። የሒሳብ ባለሙያችን ለሥራ ብቻ የሚውል አንድ ኮምፒውተር እንድንይዝና የግሉን ለየብቻ እንድናደርግ የመከሩን ለዚህ ነው፤ ድርሻ እየለኩ ከመከራከር ይልቅ መለየቱ ይሻላል።

ጉዞ ላይ ችግሩ ሌላ ነው። ወደ አጋሮ ወይም ወደ ሊሙ ገነት ስንሄድ የአውቶቡስና የሚኒባስ ቲኬት እናገኛለን፤ ከዚያ ወደ ቡና ገበሬው ቤት የሚያደርሰን ባጃጅ ወይም ሞተር ብስክሌት ግን ደረሰኝ የለውም። ወጪው እውነት ነው፣ ለሥራው አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን ማስረጃ የሌለው ወጪ በግብር ስሌት ውስጥ እንዳልወጣ ይቆጠራል። እኛ በመዝገባችን ላይ እንጽፈዋለን፣ በዓመቱ መጨረሻም ተቀናሽ ከማይሆኑት ጋር እናስቀምጠዋለን። ይህን ማድረጋችን ስንት ብር እንደምናጣ ስላሳየን፣ ረዥም ጉዞ ሲሆን ደረሰኝ ከሚሰጥ አከራይ ድርጅት መኪና መያዝን መረጥን።

ጅማ ላይ ልዩ ትኩረት የሚፈልገው የግብዣ ወጪ ነው። እዚህ አገር ቡና ሳይጠጡ ስለ ቡና መጠየቅ ነውር ነው፤ አንድን አዛውንት ስለ ሂርማታ ገበያ ወይም ስለ ጅሬኑ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ለማነጋገር ምሳ መጋበዝም የአክብሮት ወግ ነው። እኔ በሙሉ ልቤ የማምንበት ወግ ነው። በግብር ሕጉ ዓይን ግን የመዝናኛና የግብዣ ወጪ ተቀናሽ ከማይሆኑት ውስጥ ተዘርዝሯል፤ የግል ፍጆታ፣ ቅጣትና የተከፈለው የገቢ ግብር ራሱም እንዲሁ። ስለዚህ ግብዣውን ሳንተው፣ ከራሳችን ኪስ እንደሚወጣ አውቀን እናደርገዋለን፤ የምግብ ቤት ደረሰኝን በሌላ የወጪ ርዕስ ሥር አስገብቶ ማቅረብ ግን ሌላውን መዝገብ ሁሉ የሚያስጠረጥር ነው።

የደረሰኝ ጉዳይ ምን ያህል እንደሚከብድ በምሳሌ ላሳይ። አንድ ማኅበር በዓመት 400,000 ብር ገቢ አግኝቶ 300,000 ብር ቢያወጣ፣ ወጪው ሁሉ ማስረጃ ካለው ትርፉ 100,000 ብር፣ ግብሩም 30,000 ብር ነው። ከወጪው ውስጥ 80,000 ብር ያለ ደረሰኝ የወጣ ከሆነ ግን፣ ለግብር ሲሰላ ትርፉ 180,000 ብር፣ ግብሩም 54,000 ብር ይሆናል። ማኅበሩ በእጁ ያልገባ ትርፍ ላይ ተጨማሪ 24,000 ብር ይከፍላል። ለዚህ ነው ሻጭ «ያለ ደረሰኝ ከሆነ ዋጋውን ዝቅ አደርጋለሁ» ሲል ቅናሹን ከ30 በመቶው ጋር ማነጻጸር የሚገባው፤ ያለ ደረሰኝ መሸጥ ሕገ ወጥ መሆኑ ሳይዘነጋ።

የመጀመሪያውን ዓመት የጨረስነው በኪሳራ ነበር። በአሜሪካ ምክሮች ውስጥ ተደጋግሞ የሚነሣው የሦስት ዓመት ትርፍ መለኪያ እኛን አይመለከትም፤ በአዋጅ 979/2008 ተቀባይነት ያለው ኪሳራ ወደ ሚቀጥሉት ዓመታት ተሸጋግሮ ከኋለኛ ትርፍ ላይ ሊቀነስ ይችላል፤ ይህ ግን ከአምስት ዓመት አያልፍም፣ የሁለት የግብር ዓመት ኪሳራ ብቻም ነው የሚሸጋገረው። መዝገቡም በኦዲተር የተመረመረና በግብር ሰብሳቢው ተቀባይነት ያገኘ መሆን አለበት። እኛ የኦዲት ክፍያውን ስናይ አመንትተን ነበር፤ ሆኖም ያልተመረመረ ኪሳራ ወደ ፊት የማይሻገር ስለሆነ ከፈልን።

እዚህ ላይ ግልጽ አቋሜን ልናገር። ወጪን ለማስቀነስ ብቻ ብሎ ማኅበር ማቋቋምን አልመክርም። የሒሳብ ባለሙያና የኦዲተር ክፍያ አለ፣ በየወሩ የሚቀርብ የግብር ማስታወቂያ አለ፣ ትርፍ ለአባላት ሲከፋፈል ደግሞ በትርፍ ድርሻው ላይ ሌላ ግብር አለ። ወጪው ከገቢው ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ የሆነ፣ ለብቻው ቤቱ ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው ከሽያጭ ላይ በሚወሰነው ግብር ሊጠቀም ይችላል። እንደ እኛ ጉዞ የሚበዛበት፣ ዕቃ የሚጠይቅና ለሌሎች የሚከፈልበት ሥራ ሲሆን ነው ስሌቱ የሚገለበጠው። ከመወሰን በፊት የአንድ ዓመት ገቢንና ወጪን ጽፎ፣ በሁለቱም መንገድ አስልቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ይህን ለማድረግ ደግሞ ገና ግብር በማይቀንስበት ጊዜም ቢሆን ወጪን መመዝገብ ግድ ይላል።

ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ የሚጀምሩ ሰዎች በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 የተደረገውን ማሻሻያ መመልከት አለባቸው። የግለሰቦች ደረጃ ሁለት ብቻ ሆኗል፤ መለያውም 2,000,000 ብር ዓመታዊ ሽያጭ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ከሽያጩ ላይ በሚሰላ ግብር ይስተናገዳል። ይህም ከበፊቱ ይልቅ ብዙ ጦማሪዎችን ወጪ ከማይቀነስበት ወገን ያስቀምጣል። ከክፍያ ላይ ተቀንሶ የሚያዘውም ግብር፣ የገቢ ግብሩም ምጣኔ ስለተለወጠ፣ እኔ ከላይ የጠቀስኋቸውን የቀድሞ ቁጥሮች ለዛሬ ስሌት መጠቀም አይገባም።

የግብር ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ ደረጃ «ሀ» እስከ ጥቅምት 30 ያስታውቃል። እኛ መዝገባችንን ለባለሙያው የምናስረክበው በነሐሴ ነው። ጥቅምት የቡና ለቀማ የሚጀመርበት፣ ለጦማሩም ዋናው የሥራ ወቅት ስለሆነ፣ ሁለቱን ሥራዎች በአንድ ወር ማደራረብ አይቻልም።